የምሩቃን እራት ለማን ይደገሳል?

የመነሻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የውይይት መድረኩ ተሳታፊዎች፣ እኔ በተማርኩበት የትምህርት ክፍል የቀድሞ ተማሪዎችና አሁን በትምህርት ላይ ያሉት በዓመት አንድ ጊዜ እራት ላይ ይገናኛሉ፤ በዕለቱም ከምሩቃኑ መካከል አንድ ተጋባዥ ንግግር ያደርጋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የአዘጋጅ ኮሚቴው አባል ነኝ። ይህን የምጽፈው ያለፈው ዓመት እራት ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝና የዘንድሮውን ማሰናዳት ከመጀመራችን በፊት እናንተ በየዩኒቨርሲቲያችሁ የምታደርጉትን ማወቅ ስለምፈልግ ነው።

ጥሪው ለ12 ሰዓት ነበር፤ መርሐ ግብሩ የተከፈተው ግን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግርና የምሩቃን ማኅበሩ የሥራ ሪፖርት ተከታትለው ከቀረቡ በኋላ የዕለቱ ተጋባዥ ወደ መድረኩ ወጡ። በመንገድ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ያሳለፉ፣ ከክፍላችን ከተመረቁት የመጀመሪያዎቹ ሴት መሐንዲሶች አንዷ ናቸው። በእኛ ወረቀት ላይ 20 ደቂቃ ተይዞላቸው ነበር፤ ይህን ለእሳቸው ያሳወቀ ሰው ግን አልነበረምና ንግግሩ አንድ ሰዓት ፈጀ። ንግግሩ ቁም ነገር የሞላበት ነበር፤ ጥፋቱም የእኛ የአዘጋጆቹ እንጂ የእሳቸው አይደለም። ቡፌው 3 ሰዓት ከ20 ላይ ሲከፈት ሰልፉ የጀመረው ከፊት ጠረጴዛዎች ነው። 40 ያህል ተማሪዎች በማዕድ ቤቱ በር አጠገብ ባሉት የመጨረሻ ጠረጴዛዎች ለብቻቸው ተቀምጠው ነበርና ተራው እነሱ ዘንድ ሳይደርስ የዶርም በር የሚዘጋበት 4 ሰዓት ተቃረበ። አብዛኞቹ ሳይበሉ ተነሥተው ሄዱ።

ከእነዚህ መካከል አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ንግግሩ ከተጀመረ አንሥቶ ከደብተር የገነጠለችውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትጽፍ፣ የጻፈችውን ስትሰርዝ፣ እንደገና ስትጽፍ አያታለሁ። መድረክ መሪው ሰዓቱ በመሄዱ የጥያቄና መልሱ ክፍል መቅረቱን ሲናገር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያም ሹራቧን ደርባ ወጣች።

እኔ የምለው ይህ ነው። እራቱ የሚደገሰው ለተማሪው ነው። ምሩቁም ተጋባዡም የሚመጡት ተማሪው በሌላ ቀን ሊያገኛቸው ስለማይችል ነው። ስለዚህ ተማሪና ምሩቅ በየጠረጴዛው ተቀላቅለው ይቀመጡ፤ ምግቡ ከንግግሩ ይቅደም፤ ንግግሩ ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ የተማሪዎቹም ጥያቄ ከሳምንት በፊት ተሰብስቦ ለተጋባዡ ይድረስ እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

መልሶቹ

በመጀመሪያው መልስ የጻፉልን በ1950ዎቹ መጨረሻ ስድስት ኪሎ የተማሩ አባት ናቸው። በትሕትና ጀምረው፣ ሐሳቡን እንደሚደግፉ ገልጸው፣ ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ንጉሡ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ከሰጡ በኋላ መመሥረቱን ካስታወሱ በኋላ ወደ ራሳቸው ዘመን ገቡ። በዚያ ዘመን ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄደ የሚያገለግልበት፣ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ግዴታ ነበር። እሳቸው እንደሚሉት በተማሪነታቸው ከሰሟቸው ንግግሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት በአዳራሽ የሰሙትን አይደለም፤ ከአገልግሎት የተመለሰ አንድ ልጅ በመመገቢያ ቤቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊቱ ያለው ወጥ እየቀዘቀዘ፣ በሄደበት ወረዳ ሰማንያ ልጆችን በአንድ ክፍል እንዴት እንዳስተማረ የተረከውን ነው። ይህን ስጽፍ የሚሰማኝ፣ እኛ ዛሬ በካርድና በመድረክ ልንፈጥረው የምንደክምበት ነገር ለእሳቸው የየዕለት ገበታ እንደነበረ ነው።

ሁለተኛው መልስ እርማት ነበር። ጸሐፊው አባታችንን አክብሮ፣ ነገር ግን ሳያድበሰብስ፣ የዩኒቨርሲቲው ጅማሮ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሆኑን፣ በ1954 ዓ.ም. የሆነው ደግሞ ያ ኮሌጅና ሌሎች ኮሌጆች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚል ስም በአንድ ጥላ ሥር መሰብሰባቸው እንደሆነ አስረዳ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። እርማቱን ከነገራችን ያገናኘበት መንገድ ደስ ይላል። በዚያን ጊዜ የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅና የጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅም የዚያው ዩኒቨርሲቲ አካል ነበሩ። እንግዲያው አዲስ አበባ ላይ የሁሉም ምሩቃን እራት ነው ተብሎ ሲጠራ፣ ከዓለማያ ተመርቆ ዛሬ ሐረር ወይም ድሬዳዋ የሚኖረውን አዛውንት የሚያስታውሰው ማን ነው? አባታችን እርማቱን በምስጋና ተቀበሉ።

ሦስተኛው መልስ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ የተማሪዎቹን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። በአራተኛው እኔ ራሴ መለስኩ። ባለፈው ዓመት አንድ ምሩቅ 2,500 ብር ከፍሎ የእራቱን መግቢያ ካርድ ይገዛ ነበር፤ የተማሪዎቹ ከማኅበሩ ካዝና ተከፈለ። ዘንድሮ ያሰብነው እያንዳንዱ ምሩቅ ለራሱና ለአንድ ተማሪ እንዲገዛ፣ ተማሪውም ካርዱን ከገዛለት ሰው አጠገብ እንዲቀመጥ ነበር። የመጨረሻውን ሐሳብ አንድ ተማሪ በኋላ ቢያፈርስብኝም፣ ያን ጊዜ ግን ጥሩ መስሎኝ ነበር።

አምስተኛው መልስ የመጣው ከአንድ ሙስሊም ወንድማችን ነው፤ እኔም ከዚህ የውይይት ክር ካገኘኋቸው ትምህርቶች ትልቁን ያገኘሁት ከእሱ ነው። ለአራት ዓመታት በእንዲህ ያሉ እራቶች ላይ ሲገኝ ሰላጣና ዳቦ በልቶ እንደሚመለስ ጻፈ። በአገራችን የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ የተለያየ መሆኑን ሁሉም ሰው በሠርግና በለቅሶ ላይ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ሠርግ የሚደግስ ቤተሰብ ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ ያሳርዳል፣ ለብቻ ያሠራል። በዩኒቨርሲቲ እራት ላይ ግን ቡፌው አንድ ነው፤ የትኛው ትሪ የቱ እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለም፤ ቢኖርም ጭልፋው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ወንድማችን ቅሬታውን ያቀረበው ያለ ምሬት ነው። ከጎኑ የተቀመጡት ሰዎች ለምን እንደማይበላ ሲጠይቁት አሞኛል እያለ ማለፉን ሲያነሣ ግን እኔ ንባቤን አቁሜ ቆየሁ። አንድ ሰው አገሩ ውስጥ፣ በተማረበት ግቢ ልጆች መካከል፣ በገበታ ላይ ሰበብ መፈለግ አልነበረበትም።

ስድስተኛው ይህንን ተቀብሎ መፍትሔ ጨመረበት። እሱ በሚገኝበት ማኅበር እራቱን ሙሉ በሙሉ የጾም አድርገውታል። ረቡዕና ዓርብ ቢውል፣ ዐቢይ ጾም ቢገባ የሚቸገር የለም፤ የሥጋውም ጥያቄ ከሥሩ ይቀራል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የተጀመሩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበርና እራቱን በዚያው ወቅት አደረጉት። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከ12 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ በየጠረጴዛው ተምርና ውኃ ቀረበ፤ ጿሚዎቹ አፈጠሩ፣ ሰላት የሚሰግዱት በተዘጋጀላቸው ክፍል ሰግደው ተመለሱ፤ ከዚያ የምስር ሳምቡሳና በያይነቱ ወጣ። ተጋባዡ የተናገረው ሰው ሁሉ ከጠገበ በኋላ ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ፀሐይ ስለነበረ ዘግይቶ የመጣ ባለሥልጣን እንኳ ሊያስጠብቅ አልቻለም ይላል።

እስከዚህ ድረስ ንግግሩ ሁሉ የተከበረ ነበር። ሰባተኛው መልስ ግን ቆጣ ያለ ነው። ጸሐፊው ስለ ቡፌ፣ ስለ ጭልፋና ስለ ተምር ይህን ያህል መጻፋችን እንደሚያሳፍር፣ ዩኒቨርሲቲ የሐሳብ ቤት እንጂ የድግስ ቤት አለመሆኑን፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አንድ ሰዓት መታገሥ የማይችል ተማሪ የትም እንደማይደርስ ገለጸ። ስምንተኛዋ ያለ ምንም መግቢያ ሆድ ሲጎድል ሰው ያጎድላል የሚለውን ተረት አስታውሳው፣ ከዚያ ግን በተጨባጭ ነገር ሞገተችው። እሷ አሁን ተማሪ ናት። በግቢዋ ካፌ እራት የሚሰጠው ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ነው። ወደ ምሩቃኑ እራት የሄደ ተማሪ የካፌውን እራት ትቶ ነው የሚሄደው፤ በ4 ሰዓት ሲመለስ ካፌው ዝግ ነው፣ ከግቢ ውጭ ያለው ምግብ ቤትም ለኪሱ አይሆንም። ስለዚህ እዚያ ካልበላ ጾሙን ያድራል። ያለፈው ዓመት ከ40ዎቹ ተማሪዎች አብዛኞቹ በዚያ ሌሊት ጾማቸውን ማደራቸውን እኔ ያወቅኩት የእሷን መልስ ሳነብ ነው፤ የኮሚቴው አባል ሆኜ ሳለሁ ይህን አስቀድሜ አለማሰቤ ከብዶኛል።

ይህችው ተማሪ በዚያው መልሷ ካርድ ከገዛለት ሰው አጠገብ ተማሪውን የማስቀመጡን ሐሳብ ነቀፈችው። ከፋዩና የተከፈለለት ጎን ለጎን ከተቀመጡ ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲያመሰግን ያመሻል እንጂ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው የከፈለው ሰው ማንነት ሳይታወቅ፣ በሙያ ፍላጎት የተመደበ ጠረጴዛ ነው፤ የውኃ ሥራ የሚፈልግ ከውኃ ሥራ ሰዎች ጋር፣ ማስተማር የሚፈልግ ከመምህራን ጋር። ትክክል ናት። ሐሳቤን በዚያው ሰዓት ለወጥኩ።

ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያሉት መልሶች በተጋባዥ አመራረጥ ላይ የተደረጉ ናቸው፤ ክሩ ከሁሉ የሻከረውም በዚህ ቦታ ነው። ዘጠነኛው ሁልጊዜ ባለሥልጣን የሚጋበዘው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ እንዲህ ያለው እንግዳ ዘግይቶ ይመጣል፣ ንግግሩን ያነባል፣ ምግቡ ሳይቀርብ አስቸኳይ ስብሰባ አለኝ ብሎ ይሄዳል፤ ተማሪውም ያገኘው ጀርባውን ማየት ብቻ ይሆናል። አሥረኛው በማዘጋጀት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ታዋቂ ስም በጥሪው ላይ ከሌለ አዳራሽ በነፃ እንደማይገኝ፣ ስፖንሰርም እንደማይመጣ በትዕግሥት አስረዳ። አሥራ አንደኛው ሁለቱንም አልማረም። ይህ ሁሉ ለፎቶ የሚደረግ ልመና ነው፣ ተማሪዎቹም ወደ አዳራሹ የሚገቡት ፎቶው ላይ እንዲታዩ ብቻ ነው ብሎ ጻፈ፤ አዘጋጆቹንም በጅምላ ሰደበ። አሥራ ሁለተኛው በተመሳሳይ ቃል መለሰለትና ነገሩ ወደ ግል ጠብ ሊያመራ ሲል ሁለቱንም በጨዋነት እንዲጽፉ ለመንኳቸው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር የአሥራ አንደኛው ክስ ያለ ስድቡ ሲነበብ የሚወረወር አይደለም። ያለፈው ዓመት ፎቶዎቻችንን መልሼ አየኋቸው፤ ተማሪዎቹ ያሉት በአንድ ፎቶ ላይ ነው፣ እሱም ከበስተኋላ።

አሥራ ሦስተኛው መልስ ከሎስ አንጀለስ ነው፤ ረጅም ነበር፣ እኔም ረዘም አድርጌ ብነግራችሁ ትጠቀማላችሁ። ጸሐፊዋ የተማረችው በዚያው ከተማ በሚገኘውና ዩሲኤልኤ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ፣ ስሙ ለአሥራ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች እራት የሚል ልማድ አለ። ምሩቁ አዳራሽ አይከራይም፤ እራቱን በገዛ ቤቱ ይደግሳል። ተማሪዎች፣ ምሩቃንና መምህራን ይመዘገቡና ከአሥራ ሁለት በማይርቅ ቁጥር ወደ አንድ ቤት ይመደባሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። መድረክ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ሁሉም ተጋባዥ ነው፣ ሁሉም ተናጋሪ ነው።

እሷ በተማሪነቷ ሁለት ጊዜ በእንግድነት ሄዳለች፤ ከተመረቀች በኋላ ግን ራሷ አስተናገደች። ቤቷ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለችው፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብላ በይፋ ከምትጠራው ሰፈር ብዙ አይርቅም፤ እንጀራውን ከዚያ ገዛች፣ ዶሮውንና ሽሮውን እቤቷ ሠራች። እንግዶቹ ሲገቡ ልጇ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ በየተራ ያስታጥባቸው ጀመር። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እጁን ዘርግቶ ለብ ያለው ውኃ ሲፈስበት ደንግጦ ቆመ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያም ከቤቱ ከወጣ ወዲህ ሰው እጁን ሲያስታጥበው የመጀመሪያው መሆኑን ለሁሉም ተናገረ። ከዚህ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ትቶ ሊሄድ እንደነበረም አወራ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ማንም አልተነሣም። እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ሰውን ለሁለት ሰዓት የምናቆይበት ሥርዓት በእጃችን እያለ ለምን ከሆቴል አዳራሽ ጋር እንታገላለን ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የሰጣት የለም።

አሥራ አራተኛው በካምብሪጅ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተከታተለ ነው። በዚያ ስላሉት ባህላዊ እራቶች ጻፈ፤ ጥቁር ካባ ይለበሳል፣ ከመብላት በፊት በላቲን ጸሎት ይደረጋል፣ የኮሌጁ መምህራንና እንግዶቻቸው ከፍ ባለ ገበታ ላይ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ተማሪው ከታች። ሥርዓቱ ቢያምርም ከላይ ያለውን እንግዳ ለማነጋገር ወር ሙሉ ድፍረት አጥቶ እንደነበር፣ እኛም የክብር ጠረጴዛ የምንለው ነገር ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ ጠቆመ። አሥራ አምስተኛው በአጭሩ አረመው፤ ሁሉም ኮሌጆች አንድ እንዳልሆኑ፣ እዚያው ካምብሪጅ እንደ ክሌር ሆልና ዎልፍሰን ያሉት ከፍ ያለ ገበታ ጭራሽ እንደሌላቸውና መምህርና ተማሪ አብረው እንደሚበሉ ገለጸ። እርማቱ የአሥራ አራተኛውን ሰው ነጥብ ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ የቆየ ልማድ ያለበት አገር እንኳ ጠረጴዛውን ዝቅ ማድረግ ችሏል።

በአሥራ ስድስተኛው መልስ አንዲት እህት የምሽቱን ሰዓት ራሱን ጠየቀች። ከ3 ሰዓት በኋላ ታክሲ አይገኝም፤ ሴት ተማሪ ብቻዋን ከዋናው በር እስከ ዶርም የምትሄድበት መንገድ ጨለማ ነው፤ የዘገየችውን ፕሮክተሩ፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪው፣ ስሟን ይመዘግባታል። ስለዚህ እራቱ የእሑድ ምሳ ይሁን አለች። አሥራ ሰባተኛው እሑድ ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተሰብ መሆኑን አስታውሶ የቅዳሜን ከሰዓት መረጠ። አሥራ ስምንተኛው ግን ሰዓቱን ከመቀየር ይልቅ ሁለት ሚኒባስ ተከራይቶ ተማሪውን እስከ ዶርሙ በር ማድረስ እንደሚቀልና ለዶርም አስተዳደሩም አስቀድሞ ደብዳቤ መጻፍ እንደሚቻል አሳየ፤ የአንዱን ሚኒባስ ኪራይ እኔ እችላለሁ ብሎም ጨመረ። እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን።

ከዚያ ክሩ ወደ ካፌ ትዝታ ሄደ። አሥራ ዘጠነኛው የእሱን ዘመን ዳቦ አነሣ፤ ሃያኛው ሚል ካርዱ ጠፍቶበት የጓደኛውን እራት ለሁለት እንዴት እንደተካፈሉ፤ ሃያ አንደኛው ከካፌ ወጥተው ነን ካፌ፣ ማለትም በግቢው ካፌ የማይመገቡ፣ የሆኑበትን ዓመት ተረኩ። ከጉዳያችን የራቅን መስሎኝ ልመልሳቸው ስል ሃያ ሁለተኛዋ መጣች። የካፌ እናቶች የምንላቸው፣ ለዓመታት በሌሊት ተነሥተው ያበሉን ሴቶች፣ በአንድም የምሩቃን እራት ላይ በእንግድነት ተጠርተው እንደማያውቁ አስታወሰች። በእሷ ጊዜ የታመመ ተማሪ ዶርም ውስጥ እንዳለ ሲሰሙ አጥሚት በፔርሙዝ የሚልኩ አንዲት እናት ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመታቸው ነው። ተጋባዥ ተናጋሪ የሚባለው የተሾመ ወይም የበለጸገ ሰው ብቻ ለምን ይሆናል፤ እሳቸው ስለ እኛ የሚያውቁትን የትኛው ሚኒስትር ያውቀዋል ብላ ጠየቀች። በዚህ ላይ የተቃወመ አንድም ሰው የለም፤ ሰባተኛው እንኳ ተመልሶ ከእንዲህ ያለው እራት አልቀርም ብሎ ጽፏል።

ሃያ ሦስተኛው ንግግሩ በእንግሊዝኛ ባይሆን ተማሪው ይበልጥ እንደሚጠይቅ በሁለት መስመር አሳሰበ። ሃያ አራተኛው የገንዘቡን ነገር በግልጽ አወጣው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በዚያው መንገድ እንዲሄዱ ታስቧል፤ ራስ ገዝ የሆነ ተቋም ደግሞ ገቢ ይፈልጋል፣ ከሚያስባቸው ምንጮች አንዱም ምሩቁ ነው። ስለዚህ ወደፊት እራቶቹ የገቢ ማሰባሰቢያ እየሆኑ መሄዳቸው አይቀርም ባይ ነው። ሃያ አምስተኛው ይህ ነውር እንደሌለበት፣ ነውሩ ግን ሰውን ለእራት ብሎ ጠርቶ በመካከል የቃል መግቢያ ወረቀት ማዞር መሆኑን ጠንከር አድርጎ ጻፈ፤ መዋጮ ከተፈለገ በጥሪው ካርድ ላይ ይጻፍ፣ ተማሪዎች ባሉበት ግን ማን ስንት ሰጠ ተብሎ አይነበብ። በዚህ እስማማለሁ። ተማሪው በዚያች ምሽት የሰዎችን እውቀት ሊመዝን መጥቶ ኪሳቸውን ሲመዝን መመለስ የለበትም። ሃያ ስድስተኛው መልስ ያ የተቆጣው አሥራ አንደኛ ነው፤ ስለ ስድቡ ይቅርታ ጠየቀ፣ ስለ ፎቶው የተናገረውን ግን እንደማያነሣ ገልጾ፣ በተማሪነቱ ሦስት ጊዜ ለፎቶ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ያነጋገረው ሰው እንዳልነበረ አስረዳ። ቁጣው ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሃያ ሰባተኛውን የጻፉት የመጀመሪያው መልስ ባለቤት አባታችን ናቸው። ሁላችንም ሰዓት፣ ምግብና ጠረጴዛ ስንል የልጅቷን ወረቀት ረስተናል አሉ። ምን ጽፋ ነበር? ከእናንተስ ወርዶ የጠየቃት አለ?

አልጠየቅናትም ነበር። ሃያ ስምንተኛውና የመጨረሻው መልስ የእኔ ነው፤ ለመጻፍ አራት ቀን የዘገየሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሐሙስ ዕለት ወደ ክፍላችን ሄጄ አፈላልጌ አገኘኋት፤ አሁን አራተኛ ዓመት ሆናለች። ወረቀቱ ከደብተሩ ጋር ለታናናሾቿ ተላልፏል፤ ጥያቄዋን ግን ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። እንግዳዋ በንግግራቸው የመጀመሪያውን የሥራ ዓመት ከከተማ በራቀ የመንገድ ካምፕ ማሳለፋቸውን አንሥተው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውት ነበር። ተማሪዋ ሊነገራት የፈለገችው ያንን ያለፉትን ነው፤ በዚያ ካምፕ ብቸኛዋ ሴት ሲሆኑ የት ያድሩ እንደነበር፣ ፎርማኑ ትእዛዛቸውን አልቀበልም ሲል ለማን ይናገሩ እንደነበር። በሚመጣው ሴሚስተር እሷም ለተግባር ልምምድ ወደ ሳይት ትወጣለች።

ማታውኑ ለእንግዳዋ ደወልኩላቸውና ጥያቄውን ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ልጅቷ የምትመደብበት ሳይት የት እንደሆነ ጠየቁኝና ስልኳን ፈለጉ። አስፈቅጃት ሰጠኋቸው።